ከኖቫ ወደ ሪችመንድ ወይስ ወደ ብላክስበርግ? ከተማ መሀል ያለ ግቢና ራሱን የቻለ ግቢ

የአናንዴሏ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። በዚህ ስፕሪንግ ከኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) የሁለት ዓመቱን አሶሺየት ዲግሪዬን በሳይንስ እጨርሳለሁ። ለፎል ትራንስፈር ለቪሲዩ (ቨርጂኒያ ኮመንዌልዝ ዩኒቨርሲቲ) እና ለቨርጂኒያ ቴክ አመልክቼ ሁለቱም በባዮሎጂ ተቀብለውኛል፤ ለመወሰን የቀረኝ ጥቂት ሳምንት ነው።

ቪሲዩ ሪችመንድ መሀል ነው፤ ሕንጻው ከሱቁ፣ ከቤቱ፣ ከመንገዱ ጋር ተቀላቅሏል። ቴክ ያለው ብላክስበርግ ነው፤ ራሱን የቻለ ትልቅ ግቢ፣ መሀሉ ሰፊ ሜዳ፣ ከግቢው ሲወጣም የተማሪ ከተማ። ቤተሰቦቼ አሌክሳንድሪያ ናቸው፣ መኪና የለኝም፣ ኢን-ስቴት (የቨርጂኒያ ነዋሪ) ነኝ፣ የማይመለሰውን የፌዴራል እርዳታ ፔል ግራንት አገኛለሁ፣ በሳምንት 15 ሰዓት ያህል መሥራት አለብኝ። ወደፊት ያሰብኩት ሜዲካል ስኩል ወይም ፒኤ (ፊዚሺያን አሲስታንት) ነው።

ቤት ውስጥ ግማሹ «ከተማ ያዘናጋል»፣ ግማሹ «ገጠር ገብተሽ ልትታፈኚ ነው» ይላል። «ስሜትሽን ተከተይ» የሚል ምክር በቅቶኛል። ለሁለት ዓመት ብቻ ለሚገባ ሰው የሁለቱ ዓይነት ግቢ ልዩነት በተግባር ምን ላይ ነው? ቤት፣ ክሬዲት፣ ሥራ፣ መጓጓዣ ላይ የሚያውቅ ይንገረኝ።

ባለ ሊዝ፦

እንኳን ደስ አለሽ። ከግቢው መልክ በፊት ኦገስት ላይ የት እንደምታድሪ አስቢ። ትራንስፈር ተማሪን አብዝቶ የሚያንገላታው እሱ ነው፤ የሁለቱ ከተሞች ልዩነት ቁልጭ ብሎ የሚታየውም እዚህ ላይ ነው።

ብላክስበርግ ኑሮው በሙሉ በዩኒቨርሲቲው ካላንደር የሚዞር ከተማ ነው። ለመጪው ኦገስት የሚሆን አፓርታማ መፈረም የሚጀመረው ከአንድ ዓመት ገደማ በፊት፣ በፎል ነው። ዶርም የመኖር ግዴታ ያለበት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ጓደኞቹን ሰብስቦ የገና እረፍት ሳይደርስ ለሁለተኛ ዓመቱ ቤት ይፈርማል። አንቺ ደብዳቤው የደረሰሽ ስፕሪንግ ላይ ነው፤ ያኔ ለግቢው ቅርብ የሆነውና ዋጋው ደህና የሆነው ተይዟል። የሚቀርሽ ራቅ ብሎ አውቶቡስ መስመር ላይ ያለ አፓርታማ፣ ውሉን ለሌላ ሰው ማስተላለፍ የሚፈልግ ተማሪ፣ ወይም ለትራንስፈር የተረፈ የዶርም ቦታ ነው። ስለ ዶርሙ ዛሬውኑ ደውለሽ «ለትራንስፈር ዋስትና አለው ወይስ ተራ መጠበቂያ ነው?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱ «ተራ መጠበቂያ» ከሆነ እንደሌለ ቁጠሪው።

ውል ማስተላለፍ ሁለት ዓይነት ነው፤ ሰው የሚቀልጠው ሁለቱን ሲያምታታ ነው። አንደኛው ሰብሊዝ ነው፦ ዋናው ተከራይ ተጠያቂ እንደሆነ ይቀጥላል፣ አንቺ የምትከፍዪው ለእሱ ነው። እሱ ገንዘቡን ለአከራዩ ካላስተላለፈ ከቤት የምትወጪው አንቺ ነሽ። ሁለተኛው ውሉ ተዘግቶ በስምሽ አዲስ ሲጻፍ ነው። ሁለተኛውን ምረጪ፤ አከራዩ ራሱ ያልፈረመበት ወረቀት ላይ ገንዘብ እንዳትልኪ።

የብላክስበርግ አንድ ጥሩ ነገር፣ ለተማሪ ተብለው የተሠሩት ትልልቅ አፓርታማዎች ብዙዎቹ የሚያከራዩት በመኝታ ክፍል መሆኑ ነው። አብራሽ የምትኖረው ልጅ ብትጠፋ የእሷ ኪራይ አንቺ ላይ አይወድቅም። በምትኩ ማን እንደሚገባ አትመርጪም፤ ውሉም አብዛኛውን ጊዜ የ12 ወር ስለሆነ ሰመር አሌክሳንድሪያ ብትከርሚም ትከፍያለሽ። የዶርም ዋጋን ከአፓርታማ ጋር ስታወዳድሪ ይህን አትርሺ፦ ዶርም ለ9 ወር ገደማ ነው፣ አፓርታማ ለ12። ወርሃዊውን ሳይሆን የዓመቱን ድምር አወዳድሪ።

ሪችመንድ ተማሪ ያልሆነውም ሰው ዓመቱን ሙሉ ቤት የሚቀያየርበት ከተማ ነው። ጁንና ጁላይ ላይም ቤት ይገኛል፤ ዘግይቶ ለሚመጣ ትራንስፈር ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። በእግር የሚደረስባቸው ሰፈሮች ፋን፣ ካርቨር፣ ጃክሰን ዋርድና ኦሬገን ሂል ናቸው። ብዙው ቤት ተከፋፍሎ የሚከራይ የድሮ ቤት ነው። እዚያ የተለመደው በጋራ የሚፈረም ውል ስለሆነ፣ ሦስት ሆናችሁ ፈርማችሁ አንዷ ብትወጣ አከራዩ ሙሉውን ኪራይ ከቀሪዎቹ መጠየቅ ይችላል። ብዙ አከራዮች የኪራዩን ሦስት እጥፍ ወርሃዊ ገቢ ወይም ኮሳይነር (አብሮ የሚፈርም ዋስ) ይፈልጋሉ። አባትሽ ወይም እናትሽ ኮሳይነር ከሆኑ ምናልባት የሚፈርሙት ለአንቺ ድርሻ ብቻ ሳይሆን ለቤቱ ሙሉ ኪራይ ሊሆን ይችላል፤ አንብበው ይፈርሙ።

የድሮ ቤት ማሞቂያ ጉድ ያፈላል። ከመፈረምሽ በፊት የማሞቂያውን ጋዝ ወይም መብራት ማን እንደሚከፍል፣ ያለፉት 12 ወራት ቢልም በአማካይ ስንት እንደነበር ጠይቂ። 100 ዶላር ረከሰ የተባለ ቤት በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ ቢል ብቻ የረከሰውን ሊበላ ይችላል።

ለሁለቱም ከተማ የሚሠራ የቨርጂኒያ ሕግ፦ ዲፖዚት ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ከወጣሽ በኋላ አከራዩ በ45 ቀን ውስጥ የቀነሰውን ዘርዝሮ ቀሪውን መመለስ አለበት። ስትገቢ የቤቱን ጉድለት የሚዘረዝር ጽሑፍ ይሰጥሻል፤ የማትስማሚበት ካለ በ5 ቀን ውስጥ በጽሑፍ አሳውቂ። የግድግዳውን ስንጥቅ፣ የምድጃውን በር፣ የመስኮቱን መዝጊያ ቀኑ በሚታይ ፎቶ ያዢ። ዲፖዚት የሚቀለጠው እዚህች ላይ ነው።

ፊደል ቆጣሪ፦

ቤቱን ባለ ሊዝ ጨርሶታል። እኔ ስለ ክሬዲት ልበል፤ ብዙ ሰው «ተቀበሉኝ» ሲባል «ክሬዲቴ ሁሉ ተቆጠረ» ማለት ይመስለዋል።

ባችለር 120 ክሬዲት ገደማ ነው። ክሬዲት ሲያልፍ ከሦስት አንዱ ቦታ ይቀመጣል፦ ሜጀርሽ ውስጥ፣ ጄኔራል ኤጁኬሽን (ሁሉም ተማሪ የሚወስደው የጋራ ትምህርት) ውስጥ፣ ወይም «ኢሌክቲቭ» (የምርጫ ኮርስ) ውስጥ። ኢሌክቲቭ የገባው ቁጥር ያሳምራል እንጂ ብዙውን ጊዜ መንገድ አያሳጥርም። ስለዚህ «ስንት ክሬዲት ተቀበላችሁኝ?» ሳይሆን «በእኔ ሜጀር የዲግሪ ኦዲት (የተቆጠረውንና የቀረውን ኮርስ የሚያሳይ ዝርዝር) ላይ የቀሩኝ ኮርሶች የትኞቹ ናቸው?» ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂ። የቴክን ኦዲትና የቪሲዩን ኦዲት ጎን ለጎን አስቀምጪ። አንዱ አራት ሴሚስተር፣ ሌላው አምስት የሚል ከሆነ፣ የአንድ ሴሚስተር ኪራይና ትዊሽን ልዩነት ስለ ግቢ ውበት የሚባለውን ሁሉ ይበልጠዋል።

ትራንስፈር ቨርጂኒያ የሚባለው የስቴቱ ድረ ገጽ ላይ የኖቫ ኮርስ የትኛው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ምን እንደሚሆን ይታያል። አሶሺየቱን ጨርሰሽ መግባትሽ ጥሩ ነው፤ በስቴቱ የትራንስፈር ስምምነት ጄኔራል ኤጁኬሽኑ በጅምላ የሚቆጠርበት ዕድል አለ። አንድ ኮርስ ሲቀር «ፎል ላይ እዚያው እጨርሰዋለሁ» ብሎ ዲግሪውን ሳይዙ መሄድ ይህን ያበላሻል። ጨርሰው ወደ አራት ዓመት ኮሌጅ ለሚሻገሩ፣ የገንዘብ ችግርና ጥሩ ጂፒኤ ላላቸው ተማሪዎች ስቴቱ በዓመት ከ1,000 ዶላር የሚጀምር የትራንስፈር ግራንት አለው፤ የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮውን በስሙ ጠይቂ።

ለባዮሎጂ ተማሪ ልዩ ወጥመዶች አሉ። ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ኖቫ ከወሰድሽ ሌክቸሩና ላቡ ሁለቱም ማለፋቸውን አረጋግጪ፤ ላቡ ካልተያያዘ የሌክቸሩ ክሬዲት ቢያልፍም ቀጣዩን ኮርስ የሚከለክል ቀዳዳ ይቀራል። ቪሲዩ ኦርጋኒክን በ300 ቁጥር ነው የሚሰጠው፣ ኖቫ በ200። አቻ ተብሎ ቢያልፍልሽም ለምረቃ ከሚፈለገው «አፐር ሌቭል» (የላይኛው ዓመታት ኮርስ) ክሬዲት ውስጥ መቆጠሩ ሌላ ጥያቄ ነው፤ እሱንም ጠይቂ። ደግሞ አንዱን ተከታታይ ኮርስ፣ ለምሳሌ ፊዚክስን፣ ከሁለት ኮሌጅ ግማሽ ግማሽ አትውሰጂ። ክፍል አንድ እዚህ ክፍል ሁለት እዚያ ሲሆን የርዕሶቹ ቅደም ተከተል ላይገጥም ይችላል፤ አንድ ምዕራፍ ሁለቴ ተምረሽ ሌላውን ሳታዪው ታልፊያለሽ።

ክሬዲት ከብድር ጋርም ይያያዛል። የወላጅ ጥገኛ ለሆነ ተማሪ የፌዴራሉ ቀጥተኛ ብድር በሁለተኛ ዓመት እስከ 6,500፣ ከሦስተኛ ዓመት ጀምሮ እስከ 7,500 ዶላር ነው። ዓመቱን የሚወስነው አዲሱ ዩኒቨርሲቲ የተቀበለው ክሬዲት ነው። 62 ይዘሽ ሄደሽ 51 ከተቀበሉ ሁለተኛ ዓመት ተብለሽ 1,000 ዶላር ሊያጥርሽ ይችላል። ፔል በ2025–26 ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነው፤ በዕድሜ ልክ ከ12 ሙሉ ሴሚስተር አያልፍም፣ የኖቫዎቹም ይቆጠራሉ። ከ12 ክሬዲት ወርደሽ 9 ብትወስጂ ፔሉም ወደ 75 በመቶ ይወርዳል። ይህን የምነግርሽ ሥራ የሚበዛበት ሰው መጀመሪያ የሚጥለው ኮርስ ስለሆነ ነው።

የኮርስ ሰዓትን የሚያይ ሰው ጥቂት ነው። የሁለቱንም ያለፈውን ፎልና ስፕሪንግ የኮርስ ሰሌዳ አውጥተሽ የሦስተኛ ዓመት አራት ኮርሶችሽን ፈልጊ። አንድ ሴክሽን ብቻ ያለው፣ በዓመት አንዴ ብቻ የሚሰጥ፣ ላቡ ከሰዓት ሦስት ሰዓት የሚፈጅ የትኛው ነው? ትራንስፈር የሚመዘገበው ነባሩ ተማሪ ከተመዘገበ በኋላ ነው፤ የሚተርፈው ሴክሽን ማንም ያልፈለገው ሰዓት ነው። ኦሪየንቴሽን ብዙ ቀን ካለው የመጀመሪያውን ያዢ፤ ብዙ ቦታ ምዝገባሽ የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው።

ጣና፦

በቤቱና በክሬዲቱ እስማማለሁ። ለአንቺ ግን ሚዛኑን የሚደፋው ሥራው ይመስለኛል።

የፒኤ ፕሮግራሞች ብዙዎቹ ከታካሚ ጋር የተሠራ ሰዓት ይፈልጋሉ፤ ከመቶዎች አንስቶ ከሺህ በላይ እስከሚጠይቁት ድረስ አሉ። በሳምንት 15 ሰዓት ለ30 ሳምንት ብትሠሪ 450 ነው፤ በሁለት ዓመት 900። መሀል ላይ ባለው ሰመር በሳምንት 36 ሰዓት ለ10 ሳምንት ጨምሪበት፣ 1,260 ይሆናል። ይህ ስሌት የሚሠራው የምትከፈዪበት ሥራና የታካሚው ሰዓት አንድ ሲሆኑ ብቻ ነው። ካፌ 15 ሰዓት ሠርተሽ በላዩ ሆስፒታል በነፃ ልታገለግዪ ብትሞክሪ ጂፒኤሽ ይከፍልበታል።

የቪሲዩ ትልቁ ሆስፒታል ዋናው ግቢ ከሆነው ሞንሮ ፓርክ ሁለት ማይል ያህል ይርቃል፣ ኤምሲቪ በሚባለው የሕክምና ግቢ። ብሮድ ስትሪት ላይ የሚሄደው ፐልስ የሚባል አውቶቡስ ሁለቱን ያገናኛል፤ የሪችመንድ አውቶቡስ ከ2020 ጀምሮ ክፍያ የለውም። መኪና ለሌለው ሰው ከዚህ የተሻለ አይገኝም። የሚያሰናክለው ፈረቃው ነው፦ ሆስፒታል 12 ሰዓት ማሠራት ይወዳል፣ የላብ ቀንሽ ላይ ደግሞ 12 ሰዓት አይገባም። ማመልከቻ ላይ ቅዳሜና እሁድ የሚሠራ ወይም «ፒአርኤን» የሚባለውን፣ ሲፈለጉ የሚጠሩበትን ቦታ ፈልጊ። የነርስ ረዳትነት ፈቃድ (ሲኤንኤ) ሳትሄጂ እዚሁ ብታወጪ በሁለቱም ከተማ ይሠራል፤ የቨርጂኒያ ፈቃድ ነው።

ብላክስበርግ ባዶ ነው ማለቴ አይደለም። ቨርጂኒያ ቴክ ከ1969 ጀምሮ ተማሪዎች ራሳቸው የሚያካሂዱት የአምቡላንስ ቡድን አለው። ኢኤምቲ (የአምቡላንስ የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያ) ሆኖ እዚያ የሚያገለግል ተማሪ የሚያገኘውን ኃላፊነት ትልቅ ከተማ ውስጥ ላያገኝ ይችላል። ግን በፈቃደኝነት ነው፣ ኪራይ አይከፍልም። ደመወዙን ከግቢው ምግብ ቤቶች ታገኛለሽ፤ ለተማሪ ሰዓት የሚመች ሥራ ነው። እሱም ከታካሚ ሰዓት አይቆጠርም።

ስለ ደህንነት ደግሞ ቤተሰብሽ መጠየቁ አይቀርም። ክሌሪ በሚባለው ሕግ መሠረት እያንዳንዱ ኮሌጅ በየዓመቱ እስከ ኦክቶበር 1 የሦስት ዓመት የወንጀል ቁጥር ያወጣል። ሁለቱን አስቀምጦ ማወዳደር ግን ያሳስታል። የሚቆጠረው ግቢው ውስጥ፣ ዩኒቨርሲቲው በያዛቸው ቦታዎችና ከግቢው ጋር በሚዋሰነው የሕዝብ መንገድ ላይ የሆነው ነው። ከተማ መሀል ያለ ግቢ በየማዕዘኑ የሕዝብ መንገድ ስለሚነካው ቁጥሩ ይበዛል፤ አንቺ የምትኖሪበት ሦስት መንገድ ራቅ ያለው አፓርታማ ግን የትም አይቆጠርም። ይልቅ የከተማው ፖሊስ የወንጀል ካርታ ላይ የምትከራዪውን ቤት መንገድ አውጥተሽ እዪ። የማታ መኪና አገልግሎትም ሁለቱም አላቸው፣ ቪሲዩ ራምሴፍ፣ ቴክ ሴፍ ራይድ። ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሠራና የትኛው መንገድ ድረስ እንደሚያደርስ ጠይቂ፤ ቤትሽ ከወሰኑ በአንድ ብሎክ ካለፈ ለአንቺ የለም ማለት ነው።

የአናንዴሏ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። የዲግሪ ኦዲቱን ለሁለቱም ዛሬ ጻፍኩ። ሁለት ነገር ልጨምር፦ አሌክሳንድሪያ እየተመላለስኩ ቤተሰብ ማየት በየትኛው ይቀላል? ሦስተኛ ዓመት ላይ ገብቶ ሰው መልመድስ? ቴክ ሁሉም ከፍሬሽማንነቱ ተዋውቆ የጨረሰ ይመስላል።

ወይኒቱ፦

የመጀመሪያው ቀላል ነው፣ ሪችመንድ። አሌክሳንድሪያ የአምትራክ ጣቢያ ከኪንግ ስትሪት ሜትሮ ጎን ነው፣ ሪችመንድ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ትኬት ስትቆርጪ ግን ሪችመንድ ሁለት ጣቢያ እንዳለው አስተውዪ። ሜይን ስትሪት መሀል ከተማ ነው፤ ስቴፕልስ ሚል ከከተማው ወጣ ያለ ነው፣ ባቡር የሚበዛው ግን እዚያ ነው። ሳያዩ ርካሹን ቆርጦ ሌሊት ስቴፕልስ ሚል መውረድ የባቡሩን ያህል ለታክሲ ማውጣት ነው።

ከብላክስበርግ ቨርጂኒያ ብሪዝ የሚባል የስቴቱ አውቶቡስ ዋሽንግተን ዩኒየን ስቴሽን ድረስ ይሄዳል፤ ከዚያ ሜትሮ። ሌላው መንገድ በአውቶቡስ ሮአኖክ ሄዶ ከዚያ አምትራክ መያዝ ነው። በየትኛውም ብትሄጂ የቀኑ ጥሩ ክፍል መንገድ ላይ ያልቃል፤ ለታንክስጊቪንግ ትኬቱ ቀድሞ ስለሚያልቅ ሴሚስተሩ እንደተጀመረ ቁረጪ። በዓመት አራት አምስት ጊዜ የምትመጪ ከሆነ ችግር የለውም። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ እመጣለሁ ካልሽ ብላክስበርግን እርሺው። እዚያው ከተማ ውስጥ አውቶቡሱ ጥሩ ነው፣ ክፍያም የለውም፣ ግን ተማሪ በሌለበት በእረፍትና በሰመር ይቀንሳል። ሰመር እዚያ ልሠራ ካልሽ ቤትሽ ያለበት መስመር ያኔ መሥራቱን ከመፈረምሽ በፊት እዪ።

ሰው መልመድን በተመለከተ የተባለው ግማሽ እውነት ነው። ራሱን የቻለ ግቢ ውስጥ ጓደኝነት የሚሠራው በመጀመሪያ ዓመት ዶርም ነው፤ አንቺ ያንን አልፈሽ ትገቢያለሽ። ግን ተማሪው በሙሉ እዚያው ስለሚኖር ማክሰኞ ማታ አንድ ሰዓት (7 ፒኤም) ስብሰባ ቢጠራ ይመጣል። ከተማ መሀል ያለ ግቢ ውስጥ አዲስ መሆንሽን ማንም አያስተውለውም፣ ትራንስፈሩም ሠራተኛውም ብዙ ነው፤ ችግሩ ክፍል እንዳለቀ ሁሉም ወደ ሥራው ወደ ቤቱ መበተኑ ነው። አንዱ ጋ በሩ ጠባብ ነው፣ ውስጡ ሙሉ። ሌላው ጋ በሩ ክፍት ነው፣ ቤቱ ግን ማታ ማታ ባዶ።

ስለዚህ ቴክ ከገባሽ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት አታባክኚ። ክበቦች አዲስ ሰው የሚቀበሉት ያኔ ነው፤ ጎብለርፌስት የሚባለው የክበቦች ቀን አለ። እዚያ ሦስት ክበብ ያዢና አንዱን አጥብቂ። ቪሲዩ ከገባሽ ሰው የሚገኘው በላብና በሥራ ነው። ተመሳሳይ ላብ ሴክሽን ሁለት ሴሚስተር አብረሽ የምትወስጂያቸውን ሰዎች ስልክ በመጀመሪያው ቀን ተቀበዪ።

ማንም ያላነሳው ግን ለአንቺ ከባዱ ነገር የድጋፍ ደብዳቤ ነው። በአራተኛ ዓመት መጨረሻ ተመርቀሽ በዚያው ዓመት ሜዲካል ስኩል ለመግባት ካሰብሽ፣ የማመልከቻው ሥርዓት የሚከፈተው ሦስተኛ ዓመትሽ ባለቀበት ሜይ ነው። ይህ ማለት አዲሱ ግቢ ገብተሽ ሁለት ሴሚስተር ሳይሞላሽ የሳይንስ ፕሮፌሰሮች ደብዳቤ ሊጽፉልሽ ፈቃደኛ መሆን አለባቸው። ሦስት መቶ ሰው ባለበት አዳራሽ ኤ ያገኘ ተማሪ «ኤ አግኝታለች» የሚል ደብዳቤ ብቻ ነው የሚያገኘው። ከሁለት አንዱን አድርጊ፦ ወይ በፎል ትንሽ ሴክሽን ያለው አንድ አፐር ሌቭል ኮርስ ወስደሽ ከመጀመሪያው ሳምንት ኦፊስ አወር ሂጂ፣ ወይ ማመልከቻውን በአንድ ዓመት አዘግዪ። አንድ ዓመት ማዘግየት ዛሬ በጣም የተለመደ ነው፤ ለቤተሰብ ማስረዳቱ ነው የሚከብደው። የኖቫ ፕሮፌሰሮችሽንም ሳትሄጂ አነጋግሪያቸው፤ ትዝታቸው ትኩስ ሳለ ይጻፉልሽ።

የምርምር ላብ ከፈለግሽ ኢሜይሉን ጁላይ ላይ ላኪ፣ ሴፕቴምበር ላይ አይደለም። አጭር ይሁን፦ ማን እንደሆንሽ፣ የትኛውን ሥራቸውን እንዳነበብሽ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንዳለሽ፣ የትኞቹን ላቦች እንደወሰድሽ። ትልቅ ግቢ ላብ ይበዛዋል፤ ግን ፕሮፌሰሩ ለሁለት ዓመት የሚቆይ ሁለተኛ ዓመት ተማሪን ለሁለት ሴሚስተር ከሚመጣ ሰው አስበልጦ ይመርጣል። ስለዚህ «አራት ሴሚስተርና አንድ ሰመር እቆያለሁ» የሚለውን መስመር ጻፊው።

ልታዪ ስትሄጂ ለጎብኚ በተዘጋጀው ቅዳሜ አትሂጂ፤ ቅዳሜማ ሁሉም ግቢ ያምራል። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ሂጂ። ልትከራዪ ካሰብሽበት ቤት እስከ ባዮሎጂ ላቡ በእግርሽ ሂጂ፣ ሰዓት ያዢ። ማታ ሦስት ሰዓት (9 ፒኤም) ላይ ከላይብረሪ ወጥተሽ ያንኑ መንገድ ተመለሺ። አውቶቡሱን ጠብቂ፤ በስልክሽ ላይ «4 ደቂቃ» ሲል በእውነት ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ እዪ።

ባለ ሊዝ፦

የወይኒቱ «ማታ ተመለሺ» ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ቤቱንም በቀን ብቻ አይተሽ አትፈርሚ። በፎቶ ብቻ አይተሽማ ጭራሽ።

ጣና፦

ሦስተኛ ምርጫም አትርሺ። ጆርጅ ሜሰን ለኖቫ ተማሪ በጣም የተጠረገ መንገድ አለው፣ አድቫንስ የሚባለው ፕሮግራም ከ2018 ጀምሮ አለ፤ ኖቫ ገና በጀመሩበት ጊዜ ለሚመዘገቡ ነው እንጂ ለአንቺ አሁን ረፍዷል። ግን በተለመደው ትራንስፈር ማመልከት ይቻላል፤ ለፎል ቀኑ ካለፈ ስለ ስፕሪንግ ጠይቂ። ቤተሰብ ጋ እየኖርሽ ብትማሪ ኪራይ የለም። መንገዱን ግን ቁጠሪው፦ ከኪንግ ስትሪት በብሉ መስመር ሮዝሊን፣ ከዚያ በኦሬንጅ ቪየና፣ ከዚያ አውቶቡስ። አንድ ጉዞ ከአንድ ሰዓት በላይ ነው። በሳምንት አራት ቀን ከተመላለስሽ የ15 ሰዓት ሥራሽን ከግማሽ በላይ የሚያህል ጊዜ መንገዱ ይወስዳል። ኮርሶቹን በሁለት ወይም በሦስት ቀን መጠቅለል ከቻልሽ ግን ሂሳቡ ሌላ ነው፤ ለባዮሎጂ ላቦቹ ይህን ስለማይፈቅዱ ሰሌዳውን ሳታዪ አትወስኚ።

ፊደል ቆጣሪ፦

ቤተሰብ ጋ መኖርን ካሰብሽ አንድ ነገር እወቂ፦ ኮሌጁ «የመማሪያ ወጪ» ብሎ የሚያሰላው ድምር ከቤተሰብ ጋር ለሚኖርና ለብቻው ለሚኖር ይለያያል፤ ድምሩ ሲያንስ የሚሰጡሽ እርዳታና ብድር ጣሪያም ያንሳል። ፋፍሳ (የፌዴራሉ የተማሪ እርዳታ ማመልከቻ) የት እንደምትኖሪ መጠየቅ ትቷል፤ ስለዚህ ኮሌጁ የያዘው ግምት ትክክል መሆኑን የኤይድ ቢሮውን ጠይቂ፣ ስህተት ከሆነ ያስተካክሉልሽ።

ሜሰንን ደግሞ ለማንኛውም ፋፍሳሽ ላይ ጨምሪው፤ እስከ 20 ኮሌጅ ይቀበላል። የቪሲዩና የቴክ ኤይድ ደብዳቤ እስካሁን ካልደረሰሽ ለሁለቱም ጻፊና የኢንሮልመንት ዲፖዚቱን ቀን እንዲያራዝሙልሽ ጠይቂ። ዲፖዚቱ ብዙውን ጊዜ አይመለስም፣ ቀን ማራዘሙን ግን የኤይዱ ደብዳቤ እነሱ ጋ ከዘገየ ብዙዎቹ ይፈቅዳሉ። በስልክ ሳይሆን በኢሜይል ጠይቂ፣ መልሱ በእጅሽ ይኑር።